ምዕራፍ ሰባት፦ የኬብል መሸከሚያ አተካከልና አጠባበቅ

ሀ. መንደርደሪያ ጥያቄዎች

ምንባቡን ከማንበባችሁ በፊት በሚከተሉት ጥያቄዎች ላይ በክፍል ውስጥ ተወያዩ።

1. በትምህርት ቤታችሁ የኤሌክትሪክ ሽቦ ከቆጣሪው ተነሥቶ ወደየክፍሉ የሚደርሰው በየት በኩል ነው? በግድግዳ ውስጥ ተቀብሮ ነው ወይስ በግልጽ ተዘርግቶ?

2. ብዙ ሽቦዎች በአንድነት ተደራርበው ቢታሰሩና ለረጅም ጊዜ ኮረንቲ ቢያልፍባቸው ምን የሚደርስ ይመስላችኋል?

ለ. ምንባብ

በአንድ ተራ መኖሪያ ቤት ውስጥ የኤሌክትሪክ ሽቦ የሚያልፈው ብዙውን ጊዜ በግድግዳ ውስጥ በተቀበረ ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ ነው። የሽቦዎቹ ቁጥር ጥቂት፣ የሚሸከሙትም ኮረንቲ አነስተኛ ስለሆነ ይህ አሠራር ይበቃል። በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ በአንድ ትልቅ ሆስፒታል ወይም በአንድ የኃይል ማመንጫ ጣቢያ ውስጥ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። በዚያ ያሉት ኬብሎች በመቶና በሺህ ይቆጠራሉ፤ አንዳንዶቹም የሰው ክንድ ያህል ይወፍራሉ። እነዚህን ሁሉ በቱቦ ለማስተላለፍ መሞከር ብዙ ወጪ የሚያስከትል ከመሆኑም በላይ፣ አንድ ኬብል በተበላሸ ቁጥር ግድግዳ ማፍረስን የሚጠይቅ ይሆናል። ስለዚህ ኬብሎቹ ከጣሪያ በታች ተንጠልጥሎ ወይም በግድግዳ ላይ ተደግፎ በሚዘረጋ መሸከሚያ ላይ ይደረደራሉ። የሙያው ሰዎች ይህን መሸከሚያ ኬብል ትሬይ ይሉታል። ትሬይ በእንግሊዝኛ ትሪ ማለት ነው። ስያሜው ተስማሚ ነው፤ መሸከሚያው እንደ ገበታ ትሪ ጠርዙ ከፍ ያለ፣ ላዩ ክፍት፣ የተጫነበትንም ነገር በግልጽ የሚያሳይ ነውና።

ላዩ ክፍት የሆነበት ምክንያት አለው። ኮረንቲ በሽቦ ውስጥ ሲያልፍ ሽቦው ይሞቃል። የሙቀቱም መጠን ከኮረንቲው ጋር እኩል እየጨመረ የሚሄድ አይደለም፤ ኮረንቲው እጥፍ ቢሆን የሚፈጠረው ሙቀት አራት እጥፍ ይሆናል። ይህ ሙቀት መውጫ ካላገኘ በሽቦው ላይ የተሸፈነውን ፕላስቲክ እያደረቀና እየሰነጠቀ ይሄዳል፤ በመጨረሻም ሁለት ራቁት ሽቦዎች ይነካካሉ። በክፍት መሸከሚያ ላይ በአግባቡ የተደረደረ ኬብል ግን በዙሪያው አየር ስለሚመላለስ ሙቀቱን እያራገፈ ይኖራል። በመሆኑም አንድ ኬብል ለብቻው ሊሸከም የሚችለው የኮረንቲ መጠን በብዙ ኬብሎች መካከል ተጨናንቆ ሲተኛ ይቀነሳል። የመሐንዲሱም የመጀመሪያ ሥራ በመሸከሚያው ላይ ስንት ኬብል እንደሚያርፍ ማስላት፣ ወደፊት ለሚጨመሩትም ቦታ መተው ነው።

መሸከሚያዎች በቅርጻቸው ይለያያሉ። በብዛት የሚታወቀው መሰላል የሚመስለው ነው። ሁለት ረጃጅም ብረቶች ጎን ለጎን ይሄዳሉ፤ በመካከላቸው ብዙ ጊዜ ከ15 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር እየተራራቁ እርከኖች ይጋደማሉ። ከባድ የኃይል ኬብሎች የሚጫኑት በዚህ ላይ ነው፤ አየር እንደልብ ስለሚያስተላልፍ፣ ኬብሎቹንም ከየእርከኑ ጋር ለማሰር ስለሚያመች ነው። ሁለተኛው ዓይነት ወለሉ የተበሳሳ ላሜራ ሲሆን ለመካከለኛ ኬብሎች ያገለግላል። ወለሉ ድፍን የሆነም አለ፤ ኬብሉን ከሚንጠባጠብ ነገር ይከላከላል፤ ይሁን እንጂ ሙቀትንና ውሃን በውስጡ ያስቀራል። ከሽቦ መረብ የሚሠራው ደግሞ ቀላል፣ በመቁረጫ ተቆርጦ በቦታው የሚታጠፍ በመሆኑ ለስልክና ለመረጃ ኬብሎች ይመረጣል።

የሚሠራበትም ነገር እንደ ቦታው ነው። በደረቅ አዳራሽ ውስጥ ዚንክ የተቀባ ብረት ለብዙ ዓመታት ያገለግላል። ዚንኩ ብረቱን የሚጠብቀው እንደ ቀለም በመሸፈን ብቻ አይደለም፤ ጭረት ቢደርስበት እንኳ ዚንኩ ራሱ ቀድሞ እየተበላ ብረቱን ከዝገት ያድናል። ነገር ግን ሠራተኛው መሸከሚያውን በመጋዝ በቆረጠ ጊዜ የተቆረጠው ጫፍ ራቁቱን ስለሚቀር፣ ዚንክ የበዛበት ቀለም ሊቀባው ይገባል። እንደ ምጽዋ፣ እንደ ጅቡቲና እንደ ሞምባሳ ባሉ የባሕር ጠረፍ ከተሞች ጨው ያዘለ አየር ተራ ብረትን ቶሎ ስለሚበላ፣ የማይዝግ ብረት ወይም ፋይበር ግላስ ይመረጣል። አሉሚኒየም ቀላልና ዝገትን የሚቋቋም ነው፤ ሆኖም እርጥበት ባለበት ስፍራ ራቁት የመዳብ ሽቦ በአሉሚኒየም ላይ ቢያርፍ አሉሚኒየሙ ይበላል።

አተካከሉ የሚጀምረው ከመለካት ነው። ሠራተኛው የመሸከሚያውን መንገድ በክር ወይም በሌላ መለኪያ ካቀና በኋላ የድጋፎቹን ቦታ ምልክት ያደርጋል። በሁለት ድጋፎች መካከል ያለው ርቀት እንደ መሸከሚያው ጥንካሬና እንደ ጭነቱ ቢለያይም፣ በብዙ ሥራዎች ከ1 ሜትር ተኩል እስከ 3 ሜትር ነው። እዚህ ላይ ጀማሪዎች አዘውትረው የሚሳሳቱት አንድ ነገር አለ። መሸከሚያው በየቁራጩ ስለሚመጣ መቀጠል አለበት፤ መጋጠሚያው በሁለቱ ድጋፎች መካከል፣ ልክ በእኩሌታው ላይ ከዋለ ግን መሸከሚያው ይበልጥ የሚጎብጠው በዚያ ቦታ ስለሆነ ይዳከማል። ጥሩ ሠራተኛ መጋጠሚያውን ከድጋፉ ተነሥቶ በርቀቱ አንድ አራተኛ ገደማ ላይ ያሳርፈዋል። ብሎኑን ሲያስገባም ለስላሳው ራስ ወደ ውስጥ፣ ዳዶውና ሮንዴላው ወደ ውጭ እንዲሆኑ ያደርጋል። ዳዶው ወደ ውስጥ ቢዞር የብሎኑ ጫፍ በኋላ የሚጎተተውን ኬብል ልባስ ይሰነጥቃልና።

ብረት በሙቀት እንደሚረዝምም መዘንጋት የለበትም። 100 ሜትር ርዝመት ያለው የብረት መሸከሚያ በሌሊቱ ቅዝቃዜና በቀኑ ሙቀት መካከል የ30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ልዩነት ቢኖር 3 ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል ይረዝማል፤ አሉሚኒየም ከሆነ ደግሞ 7 ሳንቲ ሜትር ገደማ። ለዚህ መላወሻ ቦታ ካልተተወለት መሸከሚያው ይጎብጣል ወይም ድጋፉን ከግድግዳው ይነቅላል። በመሆኑም በረጅም መስመር ላይ በየተወሰነ ርቀት ተንሸራታች መጋጠሚያ ይደረጋል። በተንሸራታቹ መጋጠሚያ በኩል ግን የብረቱ ግንኙነት አስተማማኝ ስላልሆነ፣ ከአንዱ ቁራጭ ወደ ሌላው የሚያሻግር የመዳብ ማያያዣ ሊታሰርበት ይገባል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የብረት መሸከሚያ ከዳር እስከ ዳር እርስ በርሱ ተያይዞ ከመሬት ጋር መገናኘት አለበት። አንድ ኬብል ልባሱ ተልጦ ብረቱን ቢነካ፣ ከመሬት ጋር የተገናኘው መሸከሚያ ኮረንቲውን ወዲያው ስለሚመልሰው ማቋረጫው ይወድቃል። ከመሬት ጋር ያልተገናኘ ከሆነ ግን ኮረንቲው በብረቱ ላይ ተኝቶ የሚነካውን ሰው ይጠብቃል።

ኬብሉን መዘርጋት ራሱን የቻለ ጥበብ ነው። ከባድ ኬብል በመሸከሚያው ላይ በጉልበት አይጎተትም፤ በየማዕዘኑ በተተከሉ ተሽከርካሪ መንኮራኩሮች ላይ እየተንሸራተተ ይሄዳል። ከላይ ወደ ታች በሚወርድ መሸከሚያ ላይ ኬብሉ በየእርከኑ ካልታሰረ ክብደቱ ሁሉ በላይኛው ጫፍ ላይ ይንጠለጠላል። መሸከሚያው የሰው መተላለፊያ እንዳልሆነም መታወቅ ይኖርበታል፤ በጥድፊያ ሥራ ላይ ወደ ጣሪያው ለመድረስ ሲሉ የሚረግጡት አሉ፤ ይህ ለሰውም ለኬብልም አደገኛ ልማድ ነው።

እስካሁን የተነገረው ስለ ኃይል ኬብል ነው። ፋይበር ኦፕቲክ ግን ጠባዩ ልዩ ነው። በዚህ ኬብል ውስጥ የሚያልፈው ኮረንቲ ሳይሆን ብርሃን ነው። ክሩ ከጥሩ መስተዋት የተሳበ ሲሆን ውፍረቱ ከውጭ 125 ማይክሮ ሜትር ነው፤ ይኸውም ከአንድ ሚሊ ሜትር አንድ ስምንተኛው ማለት ነው። ለረጅም ርቀት በሚያገለግለው ዓይነት ብርሃኑ የሚጓዝበት እምብርት ደግሞ 9 ማይክሮ ሜትር ያህል ብቻ ነው። የምሥራቅ አፍሪካ አገሮች ከሌላው ዓለም ጋር በብዛት የሚገናኙት በእንዲህ ያለው ክር ነው። ኬንያንና ታንዛንያን ከእስያና ከአውሮፓ ጋር የሚያገናኘው ሲኮም የተባለው የባሕር ሥር ኬብል ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በሐምሌ ወር 2009 ነው። ይህ ሁሉ ሺህ ኪሎ ሜትር የባሕር ጉዞ በየብስ ላይ በአንድ ጣቢያ ውስጥ ሲያበቃ፣ ክሩ የሚያርፈው በዚያው በተለመደው መሸከሚያ ላይ ነው።

የመስተዋት ክር መጠምዘዝን አይወድም። ከመጠን በላይ ከታጠፈ ብርሃኑ ከእምብርቱ እያመለጠ ይባክናል፤ ክሩም ለዓይን የማይታይ ስንጥቅ ያበጅና ዓመታት ቆይቶ ይበጠሳል። ስለዚህ አንድ የተለመደ መመሪያ አለ፤ ኬብሉ በሚጎተትበት ጊዜ የመታጠፊያው ሬዲየስ ከኬብሉ ውፍረት 20 እጥፍ፣ ተዘርግቶ ካረፈ በኋላም 10 እጥፍ ማነስ የለበትም። 12 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ኬብል ሲጎተት ከ24 ሳንቲ ሜትር፣ ካረፈም በኋላ ከ12 ሳንቲ ሜትር ባነሰ ሬዲየስ አይታጠፍም ማለት ነው። ማሰሪያውም እንደ ጭነት ገመድ ተጠብቆ አይታሰርም፤ ኬብሉ በጣት ሲነካ በመጠኑ መንቀሳቀስ ይኖርበታል።

ፋይበር ኦፕቲክ ከኃይል ኬብል ጋር በአንድ መሸከሚያ ላይ ቢተኛስ? ብርሃን በኤሌክትሪክ ኬብል ዙሪያ በሚፈጠረው መግነጢሳዊ ኃይል አይታወክም። በዚህ ረገድ ከመዳብ የመረጃ ሽቦ የተሻለ ነው፤ የመዳቡ ሽቦ ከኃይል ኬብል ጋር ጎን ለጎን ረጅም መንገድ ከተጓዘ መልእክቱ ስለሚረበሽ መራቅ፣ መገናኘታቸው ግድ ከሆነም በመስቀልያ መተላለፍ አለበት። ሆኖም ለፋይበሩም ቢሆን የተለየ መሸከሚያ ወይም በመሸከሚያው ውስጥ የተከለለ ስፍራ መስጠት ይሻላል። ከባዱ ኬብል ይጨፈልቀዋል፤ በኃይል ኬብል ላይ የሚሠራ ሰውም ሳያውቅ ይበጥሰዋል። በውስጡ የብረት ጋሻ ያለው ፋይበር ደግሞ ጋሻው ኮረንቲ ሊያስተላልፍ ስለሚችል ከመሬት ጋር መገናኘት ይኖርበታል።

አሁን ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ ወደሚሻው ነጥብ እንድረስ። መሸከሚያው ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ሲሻገር ግድግዳው ይበሳል። ግድግዳ ግን እሳት ከክፍል ወደ ክፍል እንዳይተላለፍ የሚያግድ ነው። ኬብሎቹ ካለፉ በኋላ ቀዳዳው እሳት በማይበግረው ነገር ካልተደፈነ፣ የኬብሎቹ የፕላስቲክ ልባስ እንደ ክብሪት ገመድ ሆኖ እሳቱን ወደ ቀጣዩ ክፍል ያደርሰዋል። ይህ በግምት የተባለ ነገር አለመሆኑን በአሜሪካ አገር፣ በአላባማ ክፍለ ግዛት፣ በቴነሲ ወንዝ ዳር በሚገኘው የብራውንስ ፌሪ የአቶም ኃይል ማመንጫ የደረሰው ቃጠሎ ያስረዳል።

ዕለቱ እ.ኤ.አ. መጋቢት 22 ቀን 1975፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር መጋቢት 13 ቀን 1967 ዓ.ም. ነበር። ከጣቢያው ሦስት ማብላያዎች ሁለቱ በሥራ ላይ ሲሆኑ ሦስተኛው ገና በመሠራት ላይ ነበር። ከመቆጣጠሪያው አዳራሽ ሥር ከሁለቱ ማብላያዎች የሚመጡት ኬብሎች በብዙ መሸከሚያዎች ላይ ተደራርበው የሚከፋፈሉበት አንድ ክፍል አለ። ከዚያ ክፍል ተነሥተው ግድግዳውን እየበሱ ወደ ማብላያው ሕንፃ ይገባሉ። ማብላያው ባለበት ሕንፃ ውስጥ ያለው የአየር ግፊት ሆን ተብሎ ከውጭው እንዲያንስ ተደርጓል፤ ይህም የተበከለ አየር ወደ ውጭ እንዳይወጣ ነው። ከዚህም የተነሣ በግድግዳው ላይ ያለው ቀዳዳ ሁሉ በሚገባ መደፈን ነበረበት። ሠራተኞቹም አየር የሚያልፍበትን ቀዳዳ የሚፈልጉት በሻማ ነበር፤ የሻማው ነበልባል ወደ አንድ ወገን ከተጎተተ በዚያ በኩል ቀዳዳ አለ ማለት ነው።

ከቀኑ 6 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ገደማ ላይ ሁለት ሠራተኞች አንድ ቀዳዳ አገኙ። በስፖንጅ መሰል ፕላስቲክ ቁራጭ ወተፉት። ከዚያም መደፈኑን ለማረጋገጥ ሻማውን አስጠጉ። አልተደፈነም ኖሯል፤ ወደ ውስጥ የሚስበው አየር ነበልባሉን ሳበና ፕላስቲኩ ተያያዘ። ሠራተኞቹ በእጅ ባትሪ እየመቱ፣ በጨርቅ እያፈኑ፣ በኋላም በእሳት ማጥፊያ ለማጥፋት ታገሉ። እሳቱ ግን ከእነርሱ ይሸሽ ነበር፤ አየሩ ወደ ማብላያው ሕንፃ ወገን ይጎትተዋል። ጉዳዩ ለመቆጣጠሪያው አዳራሽ የተነገረው 15 ደቂቃ ያህል ካለፈ በኋላ ነው።

በመቆጣጠሪያው አዳራሽ ያሉት ሰዎች እሳቱን አላዩትም፤ ያዩት በፊታቸው ባለው ሰሌዳ ላይ የሚሆነውን ነው። መብራቶች ይደምቁና ይደበዝዙ ጀመር፤ ማንም ያላዘዛቸው ፓምፖች ተነሡ። ኬብሎቹ እየተቃጠሉና እርስ በርሳቸው እየተነካኩ የተሳሳተ ትእዛዝ ያስተላልፉ ነበር። ከቀኑ 6 ሰዓት ከ51 ደቂቃ ላይ የመጀመሪያው ማብላያ እንዲቆም ተደረገ፤ ጥቂት ቆይቶም ሁለተኛው። አቶም ማብላያ ግን ከቆመም በኋላ ለረጅም ጊዜ ሙቀት ያመነጫል፤ ስለዚህ ያለማቋረጥ ውሃ ያስፈልገዋል። ለአደጋ ጊዜ የተዘጋጁት የመጀመሪያው ማብላያ ማቀዝቀዣዎች ሁሉ ከአገልግሎት ውጭ ሆኑ። ለምን ቢባል፣ አንደኛው ቢበላሽ ሌላው ይተካዋል ተብለው የተሠሩት መሣሪያዎች ኬብሎቻቸው በአንድ አካባቢ ያልፉ ስለነበር ነው። መሣሪያዎቹ ብዙ ነበሩ፤ የኬብሎቻቸው መንገድ ግን አንድ ነበር። የጣቢያው ሠራተኞች ለአደጋ ጊዜ ባልታሰቡ ሌሎች ፓምፖች ውሃ እየላኩ ማብላያውን አዳኑት፤ በማብላያው ውስጥ ያለው ውሃ ቢቀንስም ነዳጁ ከውሃ በላይ አልወጣም።

እሳቱ ሰባት ሰዓት ያህል ነደደ። ከአቴንስ ከተማ የመጡት የእሳት አደጋ ሰዎች አለቃ በውሃ ይጥፋ ብሎ ቢመክርም፣ ውሃ ሌላ የኤሌክትሪክ ብልሽት ያመጣል በሚል ፍርሃት ሳይፈቀድ ብዙ ሰዓት አለፈ። ውሃው እንደተፈቀደ እሳቱ ብዙም ሳይቆይ፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ገደማ ላይ ጠፋ። ከ1,600 በላይ ኬብሎች ተጎድተዋል፤ ከእነዚህም ውስጥ ከ600 የሚበልጡት ለደኅንነት የሚያገለግሉ ነበሩ። የሞተ ሰው አልነበረም። ሁለቱ ማብላያዎች ግን ዓመት ከመንፈቅ ያህል ቆመው ቆዩ።

ከዚህ አደጋ በኋላ የአሜሪካ የአቶም ኃይል ተቆጣጣሪ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1980 አዲስ ደንብ አወጣ። በዚህ ደንብ መሠረት አንዱ ሌላውን የሚተኩ መሣሪያዎች ኬብሎች ለሦስት ሰዓት እሳትን በሚቋቋም ግድግዳ መለያየት አለባቸው፤ ይህ ካልተቻለ በመካከላቸው የሚቃጠል ነገር የሌለበት 6 ሜትር ያህል ርቀት ኖሮ እሳት ጠቋሚና በራሱ የሚሠራ ማጥፊያ ይተከላል፤ ወይም በአንደኛው ዙሪያ ለአንድ ሰዓት የሚቋቋም መከላከያ ከእነዚሁ መሣሪያዎች ጋር ይደረጋል።

ይህን ታሪክ ያነበበ ሰው ስለ መሸከሚያ አጠባበቅ ግማሹን ተረድቷል። ቀሪው የዘወትር ትጋት ነው። ጠባቂው መሸከሚያውን በየጊዜው ከዳር እስከ ዳር እየተመለከተ ይሄዳል፤ የላላ ብሎን ያጠብቃል፤ የዛገውን ጠርጎ ዚንክ ይቀባል፤ ከጣሪያ ውሃ የሚንጠባጠብበትን ቦታ ያስደፍናል። በዱቄትና በጥጥ ፋብሪካ በኬብሎች ላይ የሚከማቸው ብናኝ ሙቀትን ከማፈኑም በላይ በቀላሉ የሚያያዝ ስለሆነ መጠረግ አለበት። አይጥ የኬብል ልባስ ስለምትበላ የፍግና የጥርስ ምልክት ይፈለጋል። ማያያዣው ከመሬት ጋር ያለው ግንኙነት በመሣሪያ ይለካል። ይህ ሁሉ ሲደረግ፣ ኬብል የሚነካ ሥራ ካለ ኮረንቲው መቋረጡና መልሶ እንዳይከፈት መቆለፉ መቅደም አለበት። በፋይበር ኦፕቲክ በኩል ደግሞ የተቆረጠን ክር ጫፍ በዓይን ማየት አይፈቀድም፤ በውስጡ የሚያልፈው ብርሃን ለዓይን የማይታይ ቢሆንም ዓይንን ይጎዳል።

የማያገለግል ኬብልም ከመሸከሚያው ላይ መነሣት አለበት። አዲስ መሣሪያ በመጣ ቁጥር አዲስ ኬብል ይጨመራል፤ አሮጌውን ግን የትኛው እንደሆነ የሚያውቅ ስለሌለ ማንም አይነካውም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ መሸከሚያው በሙት ኬብል ይሞላና ሕያዎቹ ከሥር ታፍነው ይግላሉ። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ እያንዳንዱ ኬብል በሁለቱም ጫፍ ከየት ተነሥቶ ወዴት እንደሚሄድ የሚናገር ምልክት ይደረግበታል፤ በመዝገብም ይጻፋል። አዲስ ኬብል ለማሳለፍ የተከፈተ የግድግዳ ቀዳዳም ሠራተኛው መሰላሉን ከማንሣቱ በፊት እንደገና ይደፈናል።

ሐ. ግንዛቤ

በምንባቡ መሠረት ለሚከተሉት ጥያቄዎች በሙሉ ዓረፍተ ነገር መልስ ስጡ።

1. ለብቻው የተዘረጋ ኬብል ከሌሎች ጋር ተጨናንቆ ከተኛው የበለጠ ኮረንቲ ሊሸከም የሚችለው ለምንድን ነው?

2. መጋጠሚያው በሁለት ድጋፎች መካከል በእኩሌታው ላይ እንዳይውል የሚደረገው ለምንድን ነው?

3. 15 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የፋይበር ኦፕቲክ ኬብል በሚጎተትበት ጊዜ ሊታጠፍ የሚችልበት ትንሹ ሬዲየስ ስንት ሳንቲ ሜትር ነው?

4. «መሣሪያዎቹ ብዙ ነበሩ፤ የኬብሎቻቸው መንገድ ግን አንድ ነበር» የሚለውን ዓረፍተ ነገር በራሳችሁ አባባል አስረዱ።

5. በብራውንስ ፌሪ የእሳት አደጋ ሰዎች አለቃ ምክር ሳይፈጸም የቆየው በምን ምክንያት ነበር? ፍርሃቱ ተገቢ ነበር ትላላችሁን? ከምንባቡ ማስረጃ እየጠቀሳችሁ ተከራከሩ።

መ. የቃላት ጥናት

ከግሥ ተነሥቶ የመሣሪያን ስም ለማውጣት በአማርኛ «መ» ከፊት፣ «ያ» ከኋላ ይጨመራል፤ ተሸከመ፣ መሸከሚያ፤ ደገፈ፣ መደገፊያ፤ ጠረገ፣ መጥረጊያ። የግሡ የመጨረሻ ፊደል ት፣ ጥ፣ ን ወይም ል ሲሆን ግን ድምፁ ይለወጣል፤ ከፈተ፣ መክፈቻ፤ ቆረጠ፣ መቁረጫ፤ ደፈነ፣ መድፈኛ፤ ሰቀለ፣ መስቀያ።

ከሚከተሉት ግሦች የመሣሪያ ስም አውጡና እያንዳንዱን በዓረፍተ ነገር አስገቡ፦ ለካ፣ አሰረ፣ ከደነ፣ በሳ፣ ነቀለ፣ አቋረጠ።

ሠ. ሰዋስው

በሙያ ጽሑፍ ውስጥ አድራጊው ሳይጠቀስ የሚደረገው ነገር ብቻ ሲነገር ተደራጊ ግሥ ይመረጣል። «ቀዳዳው ይደፈናል» ሲባል ማን እንደሚደፍነው አልተነገረም። ከምንባቡ ስምንት ተደራጊ ግሦችን አውጡ። ቀጥሎም ለእያንዳንዱ ተስማሚ ባለቤት ሰጥታችሁ ዓረፍተ ነገሩን በአድራጊ ግሥ ጻፉ።

ምሳሌ፦ ቀዳዳው እንደገና ይደፈናል። ሠራተኛው ቀዳዳውን እንደገና ይደፍነዋል።

ረ. ድርሰት

በአካባቢያችሁ ያለ አንድ ወፍጮ ቤት፣ ጋራዥ፣ ጤና ጣቢያ ወይም ሌላ የሥራ ቦታ ፈቃድ ጠይቃችሁ ጎብኙ። ምንም ነገር ሳትነኩ የኤሌክትሪክ ሽቦዎቹ ከቆጣሪው እስከ መሣሪያው በምን ዓይነት መንገድ እንደሚያልፉ፣ በግድግዳ ላይ የተበሳው ቀዳዳ መደፈን አለመደፈኑን፣ ምልክት የተደረገባቸው ሽቦዎች መኖር አለመኖራቸውን ተመልከቱ። ያያችሁትን በሁለት ገጽ ጽፋችሁ በክፍል ውስጥ አንብቡ።